ለእትዬ የጠበስነው ኔውሪ

ባለፈው ቅዳሜ ፎልስ ቸርች፣ አንድ የህንድ ግሮሰሪ በር ላይ ቆሜ ዣንጥላዬን ሳጥፍ፣ ከውስጥ የተጠበሰ ኮኮናትና የሄል ሽታ መጥቶ ፊቴን ሞቅ አደረገው። የመጣሁት ምስር ልገዛ ነበር። ምስሩን ረሳሁት። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የድሮው አፓርትመንታችን ኮሪደር ውስጥ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የጣሪያው መብራት እንደ ንብ ይጮኻል፤ ያ ሽታ ከፊት ለፊታችን ቤት፣ በበሩ ሥር እየሾለከ ይወጣል።

እዚያ ቤት ሁለት ሽማግሌዎች ይኖሩ ነበር፤ ባልና ሚስት። የመጡት ከህንድ ነው፣ ጎዋ ከምትባል የባሕር ጠረፍ። እማዬ ክርስቲያን መሆናቸውን ያወቀችው በራቸው ላይ ከተሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትየዋን «እትዬ» ትላቸው ጀመር። እሳቸውም ስማቸው በእኛ ቋንቋ እንደዚያ የሚባል ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ስልክ ሲደውሉ «ሄሎ፣ እትዬ ነኝ» ይሉ ነበር።

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ እትዬ ጣፋጭ ይሠራሉ። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስትገባ እሳቸው ዘንድ ትተወኝ ስለነበር ከወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ አልለይም። ከሁሉ የምወደው ኔውሪ የሚሉትን ነበር። በቅቤ የታሸ ስስ ሊጥ፣ ሆዱ ኮኮናት፣ ስኳርና ሄል ተሞልቶ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታጠፍና ይጠበሳል። እማዬ ስሙን የሰማች ቀን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ነውር ይሉታል? እንዲህ የሚያምር ነገር!»

ተሠርቶ ሲያልቅ ባልየው ኮታቸውን ለብሰው፣ ሳህኖቹን በነጭ ዳንቴል ሸፍነው፣ የፎቁን በር ሁሉ ያንኳኳሉ። አንኳኩተው ወደ ኋላ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ሠርግ ሊጠሩ የመጡ ነበር የሚመስሉት።

አንድ ዓመት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ፣ ባልየው ሞቱ።

እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ምስር ወጥ በድስት ይዛ ለቅሶ ደረሰች። ሶፋው ላይ እትዬ አጠገብ ዝም ብላ ተቀመጠች። እንግሊዝኛዋ ለሐዘን የሚበቃ አልነበረም፤ ዝምታው ግን ሁለቱንም የከበዳቸው አይመስልም። ከዚያም በኋላ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት እዚያ ትቀመጥ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ። የእትዬ ምድጃ አልበራም። አንድ ቅዳሜ ልጅነቴ አላስችል ብሎኝ «ኔውሪ መቼ ነው የምንሠራው?» አልኳቸው። እሳቸው በመስኮቱ ውጭውን እያዩ ነበር።

«ሐዘን ያለበት ቤት ጣፋጭ አይሠራም» አሉኝ። «እኛ አገር የዚያን ዓመት ጎረቤት ነው ሠርቶ የሚያመጣው።» ቀጠል አድርገውም፣ «እዚህ ግን ይሄን ማን ያውቃል?» አሉ።

እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ነርስ ልጃቸው እንኳን ለገና ሺፍት ወስዳለች። ቤቱ ውስጥ ምን አለና ትመጣለች፣ አሉ።

እማዬ ስትመጣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ዕቃ እያጠበች ነበር። ውኃውን ዘጋችው።

«ማን ያውቃል አሉ?»

«የስ።»

«አንቺ ታውቂ የለም እንዴ?»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአውቶቡስ ላንግሊ ፓርክ ሄደን ኮኮናትና ሄል ገዛን። ችግሩ እማዬ የገና ጾም ላይ ናት፤ ቅቤ የገባበት ነገር አፏ አይገባም። ስለዚህ ምላሷ እኔ ሆንኩ።

«ስኳሩስ?»

«ኢትስ ኦኬ።»

«ኦኬ ምን ማለት ነው? የእሳቸውን ይመስላል ወይስ አይመስልም?»

ዓይኔን ጨፍኜ እቀምሳለሁ፤ የእትዬን ወጥ ቤት ምላሴ ላይ እፈልጋለሁ። እንደዚያን ቀን ትልቅ ሰው የሆንኩበት ቀን አላስታውስም።

የመጀመሪያዎቹ ዘይት ውስጥ ሲገቡ አፋቸው ተከፈተ። ኮኮናቱ ተበትኖ አረረ፤ የጭሱ አላርም ጮኸ። እማዬ እስከ ክርኗ ዱቄት ሆና ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ ታራግባለች፣ ደግሞ ትስቃለች። አሁን አስፐን ሂል ነው የምትኖረው፤ ይሄንን ካነሳሁባት እሳት አደጋ መጥቶ ነበር ብላ ትምልልኛለች። አልመጣም። ከወንበሩ ወርዳ ሊጡን ትንሽ አየት አደረገችና ጠርዙን እንደ ሳምቡሳ እየቆነጠጠች ትገጥመው ጀመር። ከዚያ በኋላ አንድም አልፈነዳም። መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖታል፤ ውጭ በረዶ ይጥላል፤ ወረቀቱ ላይ ወርቅማ ግማሽ ጨረቃዎች ተደርድረዋል። ያ ሰዓት አሁንም በሕልሜ ይመጣል፤ ድምፅ የለውም፣ ብርሃን ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ እማዬ ነጠላዋን እንደገና አዘቅዝቃ ለበሰች። ዳንቴል ስላልነበረን ሳህኑን በንጹሕ መሐረብ ሸፈንነው። እኔ አንኳኳሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ኋላ ራቅ ብለን ቆምን። ማንም አላዘዘንም።

እትዬ በሩን ከፈቱ። መሐረቡን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ አንዱን አንስተው ቆመው እዚያው ደፍ ላይ ገመጡት።

«ሄል በዝቶበታል» አሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ አፋቸው ይስቃል። «ቱ ማች፣ ቱ ማች።» እያሉም ሌላ አነሱ።

ገብተን ሳንቀመጥ ስልኩን አንስተው ልጃቸውን ኮል አደረጉ። በቋንቋቸው ስለነበር የገባኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ኔውሪ። በገና ቀን ልጅቷ ሺፍቷን ጨርሳ፣ የሆስፒታል ልብሷን እንኳን ሳትቀይር መጣች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ አየኋት። በሩ ሳይዘጋ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ ቆይቶ ደግሞ ሳቅ ሰማሁ።

የእማዬ አለመቅመስ ግን ለእትዬ አልተዋጠላቸውም። አንድ ኔውሪ በናፕኪን ጠቅልለው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «የእናንተ ገና ሲሆን መጥቼ ስትበይ አያለሁ» አሏት።

እውነትም መጡ። እማዬ ሌሊቱን ስታስቀድስ አድራ፣ ነጭ በነጭ እንደለበሰች ገና መቀመጧ ነበር። እትዬ በጥቁር ቀሚሳቸው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ስታኝክ ትክ ብለው አዩዋት። እማዬ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና አኘከች።

«ጉድ?» አሏት።

«ቬሪ ጉድ።» ወዲያው ፈገግታዋን ሳታጥፍ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «ድንጋይ ሆኗል፤ እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሰመር እትዬ አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እየሄድን እንጠይቃቸው ነበር። እርጅና እየበረታባቸው፣ የቤታቸው በር የትኛው እንደሆነ እንኳን እየጠፋባቸው መጣ። ያቺን ጠዋት ግን አይረሷትም ነበር። እጄን ይይዙና «እናትሽ እንዴት አጣጥማ እንደበላችው!» ይሉኛል።

እኔም «አዎ እትዬ» እላቸዋለሁ። እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም።