ገብቷል፣ ጋሼ

መቱ ውስጥ ሠርግ ስቀርጽ ለሙሽራዋ አባት የመረጥኳት ማይክ የቡና ፍሬ የምታክል፣ ድምፅ ከየአቅጣጫው የምትይዝ ነበረች። ሽማግሌ ሲመርቅ ፊቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚሰማ ማይክ ግማሹን ይበላዋል። ጋቢያቸው ላይ ሰክቼላቸው በምርጫዬ ኮራሁ። የሰዓት ባትሪ የሚያክለውን ባትሪዋን ግን አልቀየርኩም።

በአማርኛ መርቀው ለሙሽራው ወገን በኦሮምኛ ሲቀጥሉ፣ በጆሮ ማዳመጫዬ ድምፃቸው ሳሳ፤ ከዚያ ጠፋ። አዲሱ ባትሪ ኪሴ ውስጥ ነው። ግን በምርቃት መሃል አባት ደረት ላይ እጁን የሚሰድ ማን ነው? ይሉኝታ ይዞኝ ከሰዉ ጋር «አሜን» እያልኩ ቆምኩ። ምን ይሉኝታ! ስንፍና ነው እንጂ፤ ጠዋት እንዳልቀይረው ማን ከለከለኝ?

ሲጨርሱ «ድምፄ ገባ?» አሉኝ።

«ገብቷል፣ ጋሼ።»

በጠፋው ቦታ ዘፈን ጫንኩበት። ልጃቸው ቪዲዮውን ይዛ ከመቱ አለፍ ብሎ ካለው ቡሬ፣ ባሏ ቤት ገባች፤ እሳቸው አላዩትም። ዛሬም ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «ድምፄን ያቆየህልኝ፣ አንተንም ያቆይህ» ብለው ይመርቁኛል።

እኔም ጎንበስ ብዬ «አሜን» እላለሁ።