ለሌላው ሰውዬ የተሰፋ ኮት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት ቤቷ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ በውስጧ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ የመተኮሻ ጠረጴዛና ግድግዳውን የተደገፈ ረጅም መስታወት ነበር። ጥጉን ከቁርጥራጭ ጨርቅ በሰፋችው መጋረጃ ጋርዳ ለደንበኞቿ መለኪያ አድርጋዋለች።

ሰው መስታወት ፊት ሲቆም የሚሆነውን እያየች ነው ያረጀችው። ቦርጫሙ ነጋዴ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አጭሯ መምህርት በእግሯ ጣት ትቆማለች፤ ቀጭኑ ደረቱን ይነፋል።

«እኔ ዘንድ ሁሉም ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚመጣው» ትል ነበር። «እኔም ለዚያ ለሌላው ሰውዬ እሰፋለሁ። ባለቤቱ ለብሶት ይሄድና ‹እትዬ፣ ጠበበኝ› እያለ ይመለሳል።»

አንድ ጊዜ ሊጋቡ የተቃረቡ እጮኛሞች ደንበኞቿ ሆኑ። እሱ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ እሷ የመድኃኒት ቤት ሻጭ ናት። አንዱ ለሌላው ሳይነግር በየፊናቸው ነው የመጡት።

ትኬት ቆራጩ በዚያ ሙቀት ከሸሚዙ ሥር ሦስት ሹራብ ደርቦ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ «በርዶኝ ነው» ይላል። አላወልቅም ስላለ አክስቴ ከነሹራቡ ለካችው። «የኮቱ ትከሻ ጥጥ እንዳያንሰው፣ አደራ እትዬ!»

ሙሽሪት በበኩሏ ሜትሩ ወገቧን ሲነካ ትንፋሿን ውጣ ዓይኗ እስኪፈጥ ትቆማለች።

«እስከ ሠርጉ እከሳለሁ፤ አጥብቢው።»

«ምሳ በልተሻል፣ ልጄ?»

«ምሳ ድሮ ቀረ! እሱ ትከሻው እንዲያ ሰፊ ሆኖ፣ እኔ ደግሞ ከጎኑ እንደ ቁም ሣጥን ልገተር?»

አክስቴ ሳቋን ከንፈሯ ላይ ከያዘችው መርፌ ጋር አፍና ያዘችው። የደንበኛ ገበና አታወጣም።

ሠርጉ ሲቃረብ ሙሽሪት ቀሚሷን ለብሳ፣ በስፒል ተወጣጥራ መጋረጃው ውስጥ እንደቆመች ትኬት ቆራጩ ሳይታሰብ ዘው አለ።

«እንዳትነግሪው!» አለች ሙሽሪት በሹክሹክታ። «እንዲህ ሆኜ አያየኝም።»

የአክስቴ ተንኮል ተነሣ። «ና፣ ኮቱን ለክተህ እየው» አለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሹራቡን ግን አውልቅ። ጥጡና ሹራቡ ከተደራረቡ በበሩ አትወጣም።»

«ግድ ነው፣ እትዬ?»

«ግድ ነው።»

አንድ በአንድ አወለቀ። በካናቴራ ብቻ ሲቀር አክስቴ ዞር ብላ ቃኘችው።

«እሰይ፣ ሰውየው ተገኘ!»

«አትሳቂብኝ። እጮኛዬን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አይተሻት የለ? ሞላ ብላ ስትገባ ቤቱ ይደምቃል። እኔ ከጎኗ የኮት መስቀያ ነኝ። ይህን ትከሻ ያየች ቀን ሐሳቧን ትቀይራለች እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«እሷስ ብትከሳልህ?»

«ምን በወጣት! ማን አባቱ ነው ክሺ ያላት?»

ከመጋረጃው ኋላ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ወዲያው የቀሚሱ ወገብ ጠረረረ ብሎ ተተረተረ። ሙሽሪት የተተረተረውን በሁለት እጇ ይዛ ብቅ አለች። ሙሽራው በድንጋጤ ሹራቡን አነሣና ራሱን በእጅጌው በኩል ሊያስገባ ይታገል ጀመር።

«ተወው፤ አይቼሃለሁ» አለችው።

«ሁሉንም?» አለ ከሹራቡ ውስጥ።

«በዚህ ሙቀት ሦስት ሹራብ! አውቶቡስ ውስጥ ብትወድቅስ?»

«አንቺስ? ምሳ ልጋብዝሽ ባልኩ ቁጥር ‹ሆዴን አሞኛል› የምትይኝ ለዚህ ኖሯል!»

ተያዩ፤ መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት እሷን ነው።

«እትዬ፣ ጥጡን አውጪው» አለ ሙሽራው። ጥቂት አሰበና «ትንሽ ግን ተይልኝ፤ ለአጎቶቼ ስል» ሲል ጨመረ።

«የእኔንም አስፊው» አለች ሙሽሪት። «በጣም ግን አይሁን።»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አለች አክስቴ። «እኔ እስካሁን ያለኝ የሹራብና የተዋጠ ትንፋሽ ልክ ነው። ቁሙ፣ እንደ አዲስ ልለካችሁ።»

ሜትሩን ይዛ ወደ ሙሽራው ቀረበች። እሱ ደረቱን ሊነፋ አየር ሳበ፤ ሙሽሪት ቀና ብላ አየችው።

ተነፈሰ።