ጥርስ ያረፈበት ሐብል

ሞጣ አስተማሪ ነኝ። አፌ የተፈታ ነው ስለሚባል ሰርግ በመጣ ቁጥር ጥሎሽ አሳይ እባላለሁ። ባለፈው ጥር ለአንድ የሞጣ ነጋዴ ልጅ ጥሎሽ ይዘን ቢቸና ሄድን። የሙሽራዋ አባት በከተማው ስማቸው የገነነ ሀብታም ናቸው።

ድንኳኑ መሀል ቆሜ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ካባውን አንድ በአንድ እያነሳሁ አሳየሁ። በመጨረሻ ወፍራም የወርቅ ሐብል ከነመስቀሉ አወጣሁና፣ «ይኸው! ከሞጣ ወርቅ ቤት ተመርጦ የተገዛ!» አልኩ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ዘነቡ ብቻ እልል ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«መምህር፣ እስቲ አምጣው» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። መስቀሉን አገላብጠው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱት ጀመር። እኔ የማላርፈው፣ «እትዬ፣ ንጹህ ወርቅ ነው፤ አይጠራጠሩ» አልኳቸው።

«መሆኑንስ አውቃለሁ» አሉ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ። «ይህቺን ስርጉድ አየሃት? ልጄ ጥርስ ስታወጣ ሐብሉ አንገቴ ላይ እንዳለ የነከሰችበት ናት። አባቷ ባንክ አስቀምጥልሻለሁ ብሎ ከወሰደው ሦስት ዓመት አለፈው።»

ቀና ብዬ አባትዬውን ፈለግኳቸው፤ ከሽማግሌዎቹ መሀል አንገታቸውን ደፍተዋል። ወይዘሮ ዘነቡ ግን ተነሥተው ሐብሉን በገዛ እጃቸው ልጃቸው አንገት ላይ አጠለቁላትና እልል አሉ።

ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት አባትዬው ናቸው።