አርባ አንድ ሙከራ

የቤተ መጻሕፍታችንን ሰርቨሮች የሚጠብቀውን ባልደረባዬን «ባለ አቤቱታው» ነው የምንለው። የይለፍ ቃል እየገመተ ከውጭ ሊገባ የሚሞክር ባገኘ ቁጥር፣ ሙከራው የመጣበትን መስመር የሚያቀርበውን የኢንተርኔት ኩባንያ አፈላልጎ ክስ ይጽፋል። ሌላው ሰው በሩን ቆልፎ ይተወዋል፤ እሱ ግን «ጎረቤት ውሻውን እንዲያስር ካልነገሩት አያስርም» ባይ ነው። መልስ የሚሰጠው አልነበረም። እኔም «ለድንጋይ ደብዳቤ ትጽፋለህ» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ክሱ በቀን ሠላሳ ሲደርስ ሥራውን ለፕሮግራም ሰጠው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ የተሳሳተ ማንም ይሁን ማን ይከሰሳል፤ ከደብዳቤው ግርጌ የባልደረባዬ ስም አለ። ፕሮግራሙ የሚያየው የመስመሩን ቁጥር ብቻ ነው፤ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። እሱ ይህን ፍትሕ ነው አለ።

አንድ ማክሰኞ የመጀመሪያው መልስ መጣ፦ «ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን። የደንበኛውን መስመር ዘግተናል።» ደስታውን አልቻለውም፤ ሁላችንንም ሻይ ጋበዘን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናቱ መጡ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ቤታቸው ሆነው፣ በይለፍ ቃል እየገቡ የመጻሕፍቱን ዝርዝር የሚያርሙልን እሳቸው ናቸው። ያን ሥራ ካጡ ቀኑ አይመሽላቸውም።

«መስመሬን ዘጉት» አሉት፣ ከኩባንያው የተሰጣቸውን ወረቀት እያቀበሉት። «ጥፋትሽ እዚህ ላይ ተጽፏል አሉኝ። እስቲ አንብብልኝ።»

«መነጽርሽስ?»

«አንብብ እንጂ።»

የራሱ ደብዳቤ ነበር። «ከዚህ መስመር በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ በተሳሳተ የይለፍ ቃል ለመግባት ተሞክሯል» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። ግርጌው ላይ ቆመ። ሊዘለው ይችል ነበር። ስሙን አነበበው።

እናቱ ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ዓይንሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት ወዲህ ፊደሉ ይምታታብኛል። ሥራውን እንዳትወስዱብኝ ብዬ ደበቅኩህ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «እሑድ እሑድ እየመጣህ አጠገቤ ትቀመጣለህ። አንተ ሳታውቅብኝ ያ የነገርከኝ ፕሮግራምህ አወቀብኝ።»

ከጎናቸው ተቀምጦ ዝርዝሩን ከፈተና ፊደሉን ማተለቅ ጀመረ።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ጨምር።»

ጨመረ። አንዲት ፊደል ብቻዋን ስክሪኑን ሞላችው።

«አሁንስ፣ እማዬ?»

«ትንሽ ጨምርልኝ፣ ልጄ።»