እስኪወጣ አይፈረድበትም

ልጅ ሳለሁ የአያቴ ታሪክ ሁልጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ይቀር ነበር።

አያቴ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወረድ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ በሁለት ግድግዳ መካከል የተሰነቀረች መስኮት የሌላት ክፍል ነበረቻቸው። እናቴ ከሥራ እስክትመጣ እዚያ እጠብቃለሁ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ፋኖስ ይለኮሳል፣ ወናፉን ሲነፉት ፍሙ ይቀላል፣ የከሰሉ ጢስ መውጫ አጥቶ ጣሪያው ላይ ይተኛል፣ እሳቸውም ወርቁ እስኪቀልጥ፣ በወጣትነታቸው ሊቆፍሩ ስለወረዱበት የቆላ ሰፈር ያወሩልኛል።

ወርቅ ተገኘ ሲባል እንደ እንጉዳይ የበቀለ ከተማ። ላስቲክ ቤት። ጠጅ ቤት። ቢላዋ። ፖሊስ ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሕግም ማዶ ይቀራል። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ገመዱን የሚይዝለት የመሐላ ጓደኛ ይኖረዋል። ሌባ ይገደላል። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ግን፣ ምንም ቢያደርግ፣ እስኪወጣ አይፈረድበትም።

አንድ ቀን አያቴ ታች ሲቆፍሩ ከላይ ጩኸት ሰሙ። የአንዱ ቆፋሪ ወርቅ ጠፍቷል።

«እሱ ነው የዋጠው! ይውጣና ሆዱ ይቀደድ!»

ገመዱን የያዘላቸው ደምሴ የሚባል ጓደኛቸው ነበር። ከወጡ ይገደላሉ። ካልወጡ ደግሞ ከሥር የሚመነጨው ውሃ ጉልበታቸው ደርሷል።

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ እናትሽ መጣች። ቦርሳሽን ያዢ።»

ሁልጊዜ እዚያች ላይ። እኔ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ፣ እሳቸው ውሃ ውስጥ ያድራሉ።

እትዬ ዘነበች የሚባሉ ጎረቤታችን ለልጃቸው ሠርግ ሀብል ያሠሩ ነበር። የራሳቸውን ጉትቻም ለጥገና ትተው ነበር። አንድ ቀን ማምሻውን ጉትቻውን ሊወስዱ ሲመጡ አንደኛው ፍሬ የለም። ጠረጴዛው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ሌላ ማን ገባ? ይቺ ዝምተኛ! ትፈተሽ፣ አለዚያ ጣቢያ ትሄዳለች!»

በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጎረምሳ «እትዬ፣ ጆሮዋ እንኳ አልተበሳ፣ ምን ላይ ልታንጠለጥለው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ነበር። የሚታየኝ እግር ብቻ። የእግሮች ግድግዳ።

አያቴ ወናፉን ሲያስቀምጡ ሰማሁ። ሊጎትቱኝ ነው ብዬ የጠረጴዛውን እግር አቀፍኩ። እሳቸው ግን ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጎንበስ አሉ፣ ገቡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ጭንቅላታቸው ጣውላውን ይነካል።

«ደምሴ ገመዱን ግንድ ላይ አሰረና ወረደ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አጠገቤ ቆመ። ውሃው ወገባችን ደረሰ።»

«ከዚያስ?»

«ጉድጓዱ ወርቅ ነበረበት፣ ሚጡ። ሲነጋ የላዮቹን መቆፈር አማራቸው። እኛ ካልወጣን እነሱ አይወርዱም። ጎትተው አወጡን። ‹ይሙት› ሲል ያደረው ሰውዬ አካፋ አቀበለኝ።»

«አመኑዎት?»

«ማን ያምናል! ሥራ ቀጠልን።»

ከፊታችን የቆሙት የእትዬ ዘነበች ጫማዎች ተቁነጠነጡ።

«ጋሼ፣ ሀብሉ ለእሁድ ይደርሳል አይደርስም?»

«ስንወጣ» አሉ አያቴ።

አንዱ አሳለ።

«በሉ እሺ፣ ይቅር። ውጡ» አሉ እትዬ ዘነበች።

ወጣን። አያቴ ወናፉን አነሱ፣ ፍሙ ቀላ። ሀብሉ ለሠርጉ ደረሰ። ጉትቻው ግን አልተገኘም፤ እትዬ ዘነበች በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እጄን ያዩ ነበር። አልወሰደችም ያለ ሰው የለም።

አያቴ አርፈዋል። ክፍሏም ከነግድግዳዎቿ ፈርሳ ቦታዋ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ በዚያ ሳልፍ ሰማይ ይታየኛል፣ ያኔ ግን ሰማይ አልነበረም። ዛሬም ሰው በስሜ ሲጠራኝ ቶሎ አልነሳም፤ መጀመሪያ ማን እንደጠራኝ አዳምጣለሁ። ከጠረጴዛው ሥር ሙሉ በሙሉ የወጣሁ አይመስለኝም።

አያቴ ግን ወስደሽ ነበር ወይ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔም ያንን ወርቅ ውጠውት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።