በእትየ ሙሉ ስም የከለከልሁት ቤት

ይኽን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስካሬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ድብድቤን ነግሬያቸዋለሁ፤ የጎረቤቴን ወሰን መግፋቴንም አልደበቅሁም። ይኽ ግን ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ መልሼ እውጠዋለሁ። አሁን አንተ የምታነበው ሰው ስማኝ። እኔ ፊደል ያስቆጠረችኝን ሴት ቤት ከልክያታለሁ። የከለከልኋት እኔ ሁኜ ሳለ፣ የከለከለሽ ሌላ ሰው ነው ብያታለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የእትየ ሙሉ ግቢ አለ። ሰባት የኪራይ ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። እትየ ሙሉ ባላቸው ሲሞቱ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ገቡና ግቢውን ለእኔ ተዉልኝ። የባላቸው የሩቅ ዘመድ ነኝ። የተሰበረ አስጠግናለሁ፣ ኪራይ እቀበላለሁ፣ ክፍል ሲለቀቅ አዲስ ሰው እመርጣለሁ። መምረጡ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። "አንተ እይ፣ አጣራ። የመጨረሻውን ቃል የምሰጥ ግን እኔ ነኝ። የማላውቀው ሰው ጣራዬ ሥር አያድርም" ብለውኛል። ስለዚህ ተከራይ ሲመጣ ስሙን፣ አገሩንና ሥራውን በቃሌ ይዤ ስልክ ቤት እሄዳለሁ፤ ወረፋ ጠብቄ እደውላለሁ። ያኔ ሞባይል የሚባል ገና አልመጣም ነበር። እሳቸው "ይግባ" ወይም "ይቅር" ይላሉ፤ እኔ ተመልሼ እናገራለሁ።

እናገራለሁ ስል ያሉትን ሁሉ እናገር ነበር ማለት አይደለም። የእኔ ቢጤ ቤት ጠባቂ አንድ ብልሃት አለው። ፊቱ ያልጣመህን ሰው ሳትደውል "የቤቱ ባለቤት አልፈቀዱም" ትለዋለህ። እሱ አንተን አይቀየምም። አንተም ደኅና ሰው ሁነህ ትቀራለህ። ስንቱን እንዲህ መለስሁ? ቆጥሬው አላውቅም። የዝና የምትባለውን ልጅ ግን ሳልቆጥርም አልረሳት።

የዝና የቋሪት ልጅ ናት። ከተማችን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሁና ተመደበችና በገበያ ቀን ከእናቷ ጋር ቤት ፍለጋ መጣች። እናቲቱ አዲስ እንስራ በጀርባዋ አዝላለች።

"ለባለቤቷ ነው" አለችኝ እያወረደች። "ባዶ እጄን ቤት ልለምን ብመጣ አፈርሁና በእጄ ሠራሁት።"

በእጄ ሠራሁት ስትል ቀና ብላ ነው። ሸክላ ሠሪ ናት ማለት ነው። በኛ አገር ስለ ሸክላ ሠሪ የሚባለውን ታውቀዋለህ፤ ዓይናቸው ይበላል፣ አብሯቸው አይበላም፣ ከእነሱ አይጋባም። እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሬ እሷን አንች እላት ነበር። እሷ አንቱ ትለኛለች። በዕድሜ እንኳ ትበልጠኝ ነበር።

አዲስ ሰው ሲመጣ የቤቱን ደንብ አነባለሁ። እትየ ሙሉ በልጃቸው ያስጻፉት ወረቀት አለ። ያኔ አንድ ፊደል አላውቅም፤ ደንቡን በቃሌ ነው የያዝሁት። ወረቀቱን እዘረጋለሁ፣ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ እነዳለሁ፣ ማንም ነቅቶብኝ አያውቅም። የዚያን ቀንም "ቧንቧ ከፍቶ መሄድ ክልክል ነው፤ እንግዳ የሚያሳድር አስቀድሞ ይናገራል" እያልሁ ስወርድ የዝና አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወረቀቱን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ መሬት አየች። እኔም ዝቅ ብዬ ሳይ ደንቡ ላይ የሌለ ሰማያዊ ማኅተም አየሁ። ማኅተም ለመለየት ፊደል አያስፈልግም። የያዝሁት የመብራት ቢል ነበር።

አልሳቀችም። "ገብቶኛል፣ አያ ደሴ፤ ደንቡ ጥሩ ነው" አለች ቀስ ብላ። እናቷ እንዳትሰማብኝ ሸፈነችልኝ። ምነው በሳቀችብኝ።

ስልክ ቤት ሄጄ ደወልሁ። ይኽን አንድ ነገር በትክክል አድርጌዋለሁ።

"አስተማሪ ናት?" አሉኝ እትየ ሙሉ። "ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ፤ አስገባት እንጂ።"

"የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት" አልሁ።

ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ውኃ የምንጠጣው በምንድን ነው፣ ደሴ? ሰው ናት አይደለም ወይ? አስገባት ብየሃለሁ።"

ያሉት ይኸው ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተመልሼ ግቢው በር ላይ ቆሜ ለሁለቱ ምን አልሁ? "የቤቱ ባለቤት አልፈቀዱም።"

"ምን ብለው?" አለች እናቲቱ።

"ምክንያት አይናገሩም።"

እናቲቱ ነጠላዋን አጠበቀች። እንስራውን ላሸክማት ጎንበስ ስል እጄን መለሰችው። "ተዉት። ለሳቸው ብዬ ነው የሠራሁት፤ ቢከለክሉኝም የሳቸው ነው" አለችና ልጇን አስከትላ ወጣች።

ለምን አደረግሁት? ቡዳ ፈርቼ ነው ብል ያኔ ስንቱ ራሱን እየነቀነቀ ይረዳኝ ነበር። ውሸት ነው። በልጅነቴ ሸክላ ሠሪ ቤት ተልኬ ውኃ ጠጥቻለሁ፤ ምንም አልሆንሁም። ሌሎቹ ተከራዮች ይለቁብኛል ብዬ ነው ብልም ውሸት ነው። እኔ የከለከልኋት ማኅተሙን ስላየች ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ታነባለች፤ እኔ በአባቴ ርስት የምኮራው ሰውዬ የመብራት ቢል ይዤ እቀባጥራለሁ። ያንን ያየች ሴት በየቀኑ በዚያ በር ስትወጣና ስትገባ እንዴት እችለዋለሁ? ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ለእትየ ሙሉ "ለትምህርት ቤቱ የሚቀርብ ቤት አገኘች" አልኋቸው። እሳቸውም አመኑኝ። ከተማው ግን ሰማ። እትየ ሙሉ የተከበሩ ሴት ነበሩ፤ እሳቸው ከለከሉ ከተባለ ማን ያስገባታል? በየደጁ "እሳቸው ያልፈቀዱትን እኔ ምን ቤት ነኝ" እያሉ መለሷት። በመጨረሻ ከከተማው ውጭ ገጠር አክስቷ ዘንድ ተጠጋች። ሁለት ዓመት ወንዝ እየተሻገረች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃ እየረገጠች ተመላለሰች። በግቢያችን ደጅ ነበር የምታልፍ። እኔም ቁሜ አያታለሁ፤ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። በእሷ ዓይን እኔ ደጉ ሰው ነኝ፣ ክፉዋ ባለቤቷ ናት።

እትየ ሙሉ ግቢያቸውን ሊያዩ መጡ። እንስራው ውኃ ሞልቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቀድተው ጠጡና "እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ነው፤ የሠራችው እጇ ይባረክ። ከየት አገኘኸው?" አሉኝ። "ከገበያ" አልሁ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የዝና ከፊታችን መጣች። እኔን ሰላም አለችኝ፤ በእሳቸው ግን ፊቷን አዞረችባቸው።

"ይች ልጅ ምን አድርጌያት ነው?" አሉኝ።

"እንጃ" አልሁ።

እንጃ። በሕይወቴ ከተናገርሁት ቃል ሁሉ እንደዚያ የሚያስጠላኝ የለም። በዓመቱ እትየ ሙሉ ሞቱ። ለቅሶው ላይ ከተማው ሁሉ ተሰብስቦ የዝና ብቻ ቀረች። ሰው ታዘባት። እኔ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ዝም አልሁ።

ከዚያ ቀበሌው ጎልማሶችን ቅዳሜ ከሰዓት እናስተምር አለ። ሄድሁ። ማን ያስተምር ይሆን ብዬ ብገባ ሰሌዳው ሥር የቆመችው የዝና ናት። ልመለስ ዞርሁ።

"አያ ደሴ፣ ይግቡ እንጂ" አለችኝ። "ቦታ አለ።"

ቦታ አለ አለችኝ። እኔ የለም ያልኋት ሰውዬ ገብቼ ተቀመጥሁ።

ስንት ቅዳሜ ጣቴን ይዛ ሀ ሁ አስጻፈችኝ። "እስክርቢቶውን እንዲህ አይጨብጡት፤ እርፍ አይደለም፣ አያመልጥዎትም" ትለኝና ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ስሜን መጻፍ ቻልሁ። ደንቡን ማንበብ ቻልሁ፤ በቃሌ ሳነበንበው ሁለት መስመር እየዘለልሁ ኖሬያለሁ። ትምህርቱ ሊዘጋ ሲል "እያንዳንዳችሁ ከሕይወታችሁ አንድ እውነት በአንድ ገጽ ጻፉ" አለችን። አንዱ ስለ በሬው ጻፈ፣ አንዷ ስለ ሠርጓ። እኔ ብዕሬን አነሳሁ፣ አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፣ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ባዶ ወረቀት ሰጠኋት። አልተቆጣችም። ከላይ በቀይ "ይቀራል" ብላ ጻፈችና መለሰችልኝ። ብዙ ሳይቆይ ተዛውራ ቡሬ ሄደች። እዚያው ቀረች፤ ዛሬ ርእሰ መምህር ናት ይላሉ።

ወረቀቱን ስንት ዓመት ደብቄ ኖርሁ። ሰሞኑን አንድ ክፍል ተለቀቀና የእትየ ሙሉ ልጅ በሞባይል ደወለችልኝ። "አያ ደሴ፣ እንግዲህ ተከራዩን ራስዎ ይምረጡ፤ እኔን አይጠይቁኝ" አለች።

"እምቢ" አልኋት። "እኔ ክፍሉን አሳያለሁ። የሚከለከል ሰው ካለ ግን ራስሽ መጥተሽ፣ ፊቱን እያየሽ ትከለክይዋለሽ።"

"አርጅተዋል" ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ስልኩን ዘግቼ ሣጥኔን ከፈትሁና ወረቀቱን አወጣሁ። ይኽ የምታነበው ከዚያ "ይቀራል" ከሚለው ቀይ ጽሕፈት ሥር የጀመርሁት ነው፤ አንዱ ገጽ አልበቃ ብሎኝ ሌላ ጨመርሁበት። የሚገርመው ገና ለማንም ሳልሰጠው ቀለለኝ። ጀርባዬ ላይ ስንት ዘመን የኖረ ነገር ወረደ። ትናንት ደጁ ላይ ተቀምጬ ያለ ምክንያት ሳፏጭ ተከራዮቹ "አያ ደሴ ምን አገኘ?" ተባባሉ።

እንግዲህ የዝና፣ የቀረው ላንች ነው። እትየ ሙሉ አልከለከሉሽም። "ሰው ናት አይደለም ወይ" ነው ያሉት። የከለከልሁሽ እኔ ደሴ ነኝ። ፊትሽን ያዞርሽባቸው ሴት ወዳጅሽ ነበሩ፤ ያንንም የነጠቅሁሽ እኔ ነኝ። እናትሽ በሕይወት ካሉ እሳቸውም ይስሙ፤ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። እንስራቸው አልተሰበረም። ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ፊደሉ ላይ የተሳሳትሁትን ብታርሚልኝ ይበቃኛል፤ ሌላው አይታረምም።

ነገ በጠዋቱ መኪና ቡሬ እመጣለሁ። ፊትሽ ቆሜ ራሴ አነብልሻለሁ። ከፈለግሽ አንገትሽን ሰገግ አድርገሽ እይው፤ የመብራት ቢል አይደለም።