የሦስተኛው ድንጋይ ሙቀት

ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን በሚገኘው ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ኬለር ግድግዳ ላይ መዳፌን እንዳሳርፍ አዘዘኝ። እጄን ሳነሳ በሙቀት ካሜራው ስክሪን ላይ አምስት ጣቶቼ ቢጫ ሆነው ቀሩ። «ካሜራው ሙቀቱን ያሳያል። ማን እንዳሞቀው ግን አይነግርሽም» አለኝ።

ከዚያ በፊት ጄኔቭ ውስጥ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ብሆንም የተማርኩት ሸሚዝ ለመተኮስ አላገለገለኝም። ከዚያ ቤት እንድወጣ የረዱኝ እዚያው ጄኔቭ አጠገብ ካሩዥ የሚኖሩት ጋሼ ሙሉጌታ ናቸው። አዲስ አበባ የታሪክ መምህር ነበሩ። ለመኖሪያ ፈቃዴ የሚያስፈልጉትን ደብዳቤዎች ሁሉ በፈረንሳይኛ የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ሥራችን ሙቀት የሚያባክን ሕንፃ መመርመር ነው። ፎርሙ ላይ ሰዓቱን፣ የውጩን አየር፣ ፀሐይ መምታት አለመምታቷን እንሞላለን። በረዳትነት ጀመርኩ፣ ቴክኒሽያን ሆንኩ፣ በመጨረሻ ሪፖርት ላይ እንድፈርም ተፈቀደልኝ።

በፈረምኩበት የመጀመሪያ ዓመት ተሳሳትኩ። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ዙሪክ ውስጥ የሚከራየውን ቤተ ክርስቲያን እንድመረምር ታዘዝኩ። እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ ካሜራዬን አወጣሁ። በኋለኛው ግድግዳ ላይ በትከሻ ቁመት የተደረደሩ ትኩስ ነጥቦች አየሁ። «የሚያፈስ ቱቦ ሳይኖር አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ግድግዳው ተፈልፍሎ ቱቦ አልተገኘም። በሚቀጥለው እሑድ ሳስቀድስ ዘወር ብዬ አየሁ። አረጋውያኑ በሙሉ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እኔም ተደግፌያለሁ።

ለኬለር ነገርኩት። «ወንበር የለም?» አለ።

«አለ። በቅዳሴ አንቀመጥም።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ።»

«እንግዲህ ማሞቂያው እናንተ ናችሁ» ብሎ ሳቀ። የይቅርታውን ደብዳቤ ግን እኔ ጻፍኩ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ጋሼ ሙሉጌታ ከግብፅ ተመልሰው ጠሩኝ። በባቡር ጄኔቭ፣ ከዚያ በትራም ካሩዥ ሄድኩ። በስልካቸው ላይ በምትሰካ ትንሽ የሙቀት ካሜራ ፒራሚድ አንስተዋል። ከታችኛው ረድፍ ሦስት ድንጋዮች ቀልተው ይታያሉ።

«ይኸውልሽ! ከኋላቸው የተደበቀ ክፍል አለ። እሑድ ለማኅበሩ አቀርበዋለሁ። የባለሙያ ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ሲያነሱ ፀሐይ በየት በኩል ነበረች?»

«አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

«ድንጋዮቹ ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር ጋሼ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለቱ ላይ ጎብኚዎች ተቀምጠው ያርፉ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። እሱንስ ምን ትይዋለሽ?»

«አላውቅም።»

«በቃ! አላወቅሽም ማለት ምስጢር አለ ማለት ነው። እንደዚያ ብለሽ ጻፊልኝ።»

«አላውቅም ማለት ክፍል አለ ማለት አይደለም።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «ያኔ ደብዳቤሽን ስጽፍ ይህን ያህል ጥያቄ አብዝቼብሽ ነበር?»

«አላበዙብኝም።»

ወረቀት አቀረቡልኝ። ጉልበቴን እያመመኝ ስለነበር ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሁለቱ ድንጋዮች ላይ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የሦስተኛው ሙቀት ምክንያት ከዚህ ፎቶ አይታወቅም።» ፈረምኩ። አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሁልጊዜ እስከ ትራም ፌርማታ ይሸኙኝ ነበር። የዚያን ቀን ከወንበራቸው አልተነሱም።

እሑድ ወረቀቴን ሳያሳዩ ስለተደበቀው ክፍል ተናገሩ። ሰዉ አጨበጨበላቸው። እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ አልተናገርኩም። ሪፖርቴን ሰጥቻለሁ፣ ያንን ሽማግሌ በሰው ፊት ማሳፈር የሥራዬ አካል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ አይደውሉልኝም።

ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የምላቸው አጭር ነው። ያላወቃችሁትን አላውቅም ብላችሁ ጻፉ። ወዳጅ ሊያሳጣችሁ ይችላል። እኔን አሳጥቶኛል።